ዝም የሚል አብነት

ሊዋርደን፣ ከቦዩ ዳር፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣
ዝናብ በአግድም ሲመጣ፣ አይደለም ከሰማይ፣
የሲብረን መዝገበ ቃላት፣ አርባ ሁለት ሺህ ቃል፣
ሥሩን ወደ ላይ ሰዶ ወደ ታች ይበቅላል፦
ከፊደሉ ቃል፣ ከቃሉ ፍቺ፣ ከፍቺው ምሳሌ፣
ከዳር ከዳር ደግሞ
ለማንም ያልታሰበ የሽማግሌ ማስታወሻ።

ቋንቋው ኤክስኤስኤልቲ ይባላል፤ ስሙ ምላስ ይሰብራል።
እኔ በዛፉ ላይ አልወጣም፣
ከዚህ ጀምር፣ እዚያ ጨርስ፣ ብዬም አላዝም።
አብነት እጽፋለሁ፤
ማንን እንደሚቀበል ግንባሩ ላይ ተጽፎበት
በራፍ ላይ ቁጭ ይላል፣ ያ ስም እስኪጠራበት።

"ልጆችሽ ይምጡ" ይባላል፤ በልደታቸው ተራ ይመጣሉ።
ፍቺ ሲጠራ አንዱ አብነት "አቤት" ይላል፣
ቁጥር ሰጥቶ፣ መስመር ሰብሮ ያሳልፋል።
ምሳሌ ሲጠራ ሌላዋ "ወዴት" ትላለች፣
ዘመም ያለ ፊደል ታለብሰዋለች።

ሁለቱ እኩል ቢነሱስ?
ስም ብቻ ያወቀ፣ ስሙን ከነቤቱ ላወቀ ይለቃል፤
"ምሳሌ" የሚለው ለ"ፍቺ ቤት ያለ ምሳሌ" ይሸነፋል።
በዚህም እኩል ከሆኑ፣ ኋላ የተጻፈው ይሰማል፣
በቤታችን የታናሼ ነገር እንደነበረው።

ኅዳር ላይ ኤልከ መጣ፣ ጃኬቱ እያንጠባጠበ፦
"ከፊት ማውጫ ይግባ፤ ቃሉና ገጹ ብቻ።"
ያው ዛፍ፣ ያው ቅጠል፣ ሁለተኛ ጉዞ።
ሁነታ የተፈጠረው ለዚህ ነው፦
ሰው ለሰርግና ለለቅሶ በአንድ ልብስ አይወጣም፣
አንጓም በሌላ ሁነታ ሲጠራ ያንኑ መልስ አይሰጥም።

ሁነታውን "ማውጫ" አልኩት።
በእሱ ውስጥ ቃልን አስናገርኩ፣
ፍቺን ዝም አሰኘሁ፣ ምሳሌን ዝም አሰኘሁ፣
ማስታወሻን ረሳሁ።

በዋናው ሁነታ አፉን የሚይዝ ደንብ ነበረው፤
ግን የአንዱ ሁነታ ዘበኛ ሌላውን በር አይጠብቅም።
ተቀባይ ያጣ አንጓም አይጣልም፤
ከቋንቋው ጋር የተወለደ፣ ማንም ያልጻፈው ደንብ አለ፦
ልጆቹን ይጠራል፣ የልጆቹን ልጆች፣
ጽሑፍ ሲደርስ እንዳለ ያፈሰዋል።

ጠዋት ማውጫውን ሳነሳ ሲብረን ያወራል።
ከሞተ ሦስት ዓመቱ።

"ባሕሩ ሸሽቶ ጭቃው ሲተነፍስ፤ ከሂልትሼ አፍ ብቻ የሰማሁት።
ቃል በአንድ ምስክር ቃል ይሆናል?"
ገጽ መቶ አራት።
"ሐኪሙ ማክሰኞ።"
"እዚህ ተሳስቻለሁ፤ ለሪክስት እንዳትነግሯት፣ ታርመዋለች።"

ሪክስት እኔ ነኝ። አረምኩት።

"ይጥፋ" አለ ኤልከ፤ "ማተሚያ ቤቱ ሐሙስ ይጠብቃል።"
አንድ መስመር በቃ፦
ማስታወሻን የሚቀበል፣ ሁነታው ማውጫ፣ ሆዱ ባዶ አብነት።
"አቤት" ይላል፣ ከዚያ ምንም።
ዝም አይነቅዝም።
ገጾቹ ጸዱ፤ ዛፉ ግን አልተነካም፣
አብነት ያነባል እንጂ አይቆርጥም።

ማታ ሌላ ሁነታ ከፈትኩ፤ ስሙን "ሲብረን" አልኩት፤
ሁሉ ዝም የሚልበት፣ ማስታወሻ ብቻ የሚናገርበት።
አሥራ አንድ ገጽ ሆነ።

እሑድ በብስክሌት ወደ ሆልወርት፣ ነፋሱ ፊት ለፊት።
ሂልትሼ ወረቀቱን ከዓይኗ አርቃ አነበበች፣
አንዴ ሳቀች፤ ገጽ መቶ አራት ላይ ቆመች።

"ይህን ቃል እኔ ብዬው አላውቅም።
የእናቱ ነው።
በሞተችበት ክረምት በእኔ ስም አስገባው፣
ማንም 'አንተ፣ ምን ሆንክ?' እንዳይለው።"

ከግድቡ ማዶ ውሃው እየሸሸ ነበር፤
ጭቃው ያንን ድምፅ አሰማ፤ ሁለታችንም ሰማን፣
ቃሉን ግን አንዳችንም አልጠራነውም።

ረቡዕ ማታ ፋይሉን ከፈትኩ፤
ምስክር፦ ሂልትሼ።
ጠቋሚው እዚያው ብልጭ ድርግም ሲል ብዙ ቆየሁ።
እንዳለ ዘጋሁት።